የባዕድ አዳራሽና የጎጃም ጎጆ፤ ባማርኛ ስለሚናገሩት የቱርክ ድራማዎች

ቃና የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ በ2008 ዓ.ም. ካዲስ አበባ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ፣ የቱርክ ሰዎች ባማርኛ ሲፋቀሩና ባማርኛ ሲጣሉ ማየት ላገራችን ሰው የዘወትር ነገር ሆኗል። ከዚያ አስቀድሞም የሳተላይት ሳሕን በየጣሪያው ከወጣ ጀምሮ ብዙ ከተሜ የዐረብ ጣቢያዎችን እየከፈተ፣ ቋንቋውን ሳይሰማ ፊትና እንባ ብቻ እየተመለከተ ታሪክ ይከታተል ነበር። አዲሱ ጣቢያ የጨመረው ድምፁን ነው። በዚያው ሰሞን ያገራችን የቴአትርና የፊልም ባለሙያዎች ስለ እንጀራቸውም ስለ ባህሉ መበረዝም ሠግተው ተቃውሞ ማሰማታቸው ይታወሳል። ይህ ጽሑፍ በዚያ ክርክር ውስጥ አይገባም፤ የሚመረምረው ከዚያ የጠበበ፣ ለባህል ጥናት ግን የቀረበ ጉዳይ ነው። ይኸውም በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባለው ደጋ የሚኖር የጎጃም ሰው፣ ስለ ከተማ ሀብትና ስለ ገጠር ቤተ ሰብ የተሠራውን የቱርክ የፍቅር ድራማ በገዛ ራሱ የቤተ ሰብ ሥርዐት ሲመዝነው ምን ያገኛል የሚለው ጥያቄ ነው።

ነገሩ በመጀመሪያ ሲታይ ቀላል ይመስላል። በድራማው ውስጥ የሚፈራ አባት አለ፤ ልጅ ለመጠየቅ የሚሄድ ሽማግሌ አለ፤ እጅ መሳም አለ፤ የቤት ስም እንዳይጎድፍ የሚደረግ ጭንቀት አለ። ስለዚህ ተመልካቹ ከላቲን አሜሪካ ወይም ከኮርያ ከመጣው ድራማ ይልቅ የቱርኩን «የኛን ባህል ይመስላል» ቢል አያስደንቅም። እኔ እንደሚመስለኝ ግን መመሳሰሉ እስከ ደጃፉ ድረስ ነው፤ ወደ ጓዳ ሲገቡ ቤቱ ሌላ ነው።

የታሪኩን ዐይነት አስቀድመን እንግለጽ። በቱርክ አገር እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2007 የታየው «ጉሙሽ» የተባለው ድራማ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አንድ የኢስታምቡል ባለጸጋ አያት፣ ፍቅረኛው ሞተችብኝ ብሎ ተስፋ የቆረጠውን የልጅ ልጁን ከኀዘኑ ለማውጣት በገጠር ያደገች ልጅ ያጋባዋል፤ ልጂቱም ባሏ በማይፈልጋት በዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ ገብታ፣ በትዕግሥቷና ኋላም በልብስ ንድፍ ሙያዋ ክብርንም ፍቅርንም ታገኛለች። ይህ ድራማ «ኑር» ተብሎ በሶርያ ዐረብኛ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲታይ በመላው የዐረብ አገር እጅግ ዝነኛ ሆነ፤ የቱርክ ድራማ ወደ ውጭ የሚሸጥበት በርም በሰፊው የተከፈተው ከዚያ ወዲህ ነው። ከርሱ የቀደመው «አስማሊ ኮናክ» (2002–2003) ደግሞ መንገዱን ይገለብጠዋል፤ በኢስታምቡል ያደገችና የተማረች ባሃር የምትባል ሴት፣ መጽሐፍ ቅዱስ ቀጰዶቅያ በሚለው አገር ባለችው በኡርጉፕ ከተማ ወደ ባሏ ወደ ሰይመን ቤት ትገባለች፤ በዚያ ቤት የምታዝዘው ግን የባሏ እናት ሱምቡል ናት። እ.ኤ.አ. ከ2022 እስከ 2025 የታየው «ያሊ ቻፕኪኒ» ወደ ቀድሞው መንገድ ተመልሶ፣ አያትየው ቅብጥ ላለው የልጅ ልጁ ከትውልድ አገሩ ከጋዚአንቴፕ ሚስት ሲያስመጣለት ያሳያል።

የታሪኩ ሥር ቱርክ አገር ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የአናቶልያ ገበሬ እርሻውን እየተወ ወደ ኢስታምቡልና ወደ አንካራ ጎረፈ፤ በከተማው ዳር በሌሊት የተሠሩ ጎጆዎች ሰፈር ሆኑ። የሺልቻም በሚባለው ጎዳና ስም የሚጠራው ያገሪቱ የፊልም ኢንዱስትሪ ይህን ስደት በድኻ ልጅና በሀብታም ልጅ ፍቅር እየመሰለ በብዙ መቶ ፊልም ደጋገመው። የዛሬው የቴሌቪዥን ድራማ ወራሹ ነው። ባገሩ አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ስለሚፈጅ፣ ወደ ውጭ ሲሸጥ እየተቆራረጠ አንዱ ሁለትና ሦስት ይሆናል፤ በኛ አገር ታሪኩ መጨረሻ የሌለው የሚመስለውም ባንድ በኩል ከዚህ የተነሣ ነው።

በነዚህ ሁሉ ድራማዎች ውስጥ ዋናው ባለታሪክ ሰው ሳይሆን ቤቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። «ኮናክ» ማለት የባላባት ወይም የባለጸጋ ታላቅ ቤት ነው፤ «ያሊ» ማለት በባሕር ዳር፣ በተለይም በቦስፎር ዳርቻ የተሠራ አዳራሽ ነው። አያት፣ አባት፣ ያገቡ ልጆች፣ ምራቶችና የልጅ ልጆች ባንድ ጣራ ሥር፣ ባንድ ገበታ ላይ ይቀመጣሉ። ጳውል ስተርሊንግ የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ በመካከለኛው አናቶልያ መንደሮች ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፣ የቱርክ ገበሬ መልካም ቤት ብሎ የሚያስበው ያገቡ ወንዶች ልጆች አባታቸው እስኪሞት ድረስ ከርሱ ሳይለዩ የሚኖሩበትን ነው፤ ምንም እንኳ በተግባር ሁሉም ቤት እንደዚያ ባይሆን። ሙሽራይቱና ምራቲቱ በቱርክኛ «ገሊን» ይባላሉ፤ ቃሉ መምጣት ከሚለው ግስ ጋራ የተያያዘ ነው። የመጣችው ማለት ነው። ዐሥር ዓመት ኖራ ሦስት ልጅ ብትወልድም ለዚያ ቤት የመጣች ናት።

አሁን ወደ ጎጃም እንመለስ። በጎጃም ሰው አነጋገር ያገባ ልጅ «ጎጆ ወጣ» ይባላል። ግሱ መውጣት መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል። ጋብቻ ማለት ካባት ቤት ወጥቶ ሌላ ምድጃ ማንደድ ነው። ቤቱ ካባቱ ደጅ ጥቂት እርምጃ ርቆ ቢሠራም እንኳ ጭሱ ለብቻው ነው፤ ጎተራው ለብቻው ነው። ባልም ሚስቱን፣ ሚስትም ባሏን «ባለቤቴ» ይላሉ፤ ቃሉ ለሁለቱም አንድ ሲሆን ትርጕሙም የቤት ጌታ ማለት ነው። ገሊን ከሚለው ቃል አጠገብ ባለቤት የሚለውን ቢያኖሩት የሁለቱን አገር የቤተ ሰብ ሥርዐት ልዩነት ከብዙ ሐተታ ይልቅ ያስረዳል።

ይህ የቃል ነገር ብቻ አይደለም፤ ሥሩ በመሬት ውስጥ ነበር። በቀድሞው የርስት ሥርዐት የጎጃም ልጅ ርስት የሚጠይቀው ባባቱ በኩል ብቻ ሳይሆን በናቱም በኩል ነው፤ አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዱን በወንድም በሴትም ቈጥሮ ካስረዳ ድርሻ ይገባዋል። አላን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በደጋ ዳሞት ያጠናውና እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው መጽሐፍ ይህን በስፋት አብራርቶታል። አንድ ሰው ባባቱ ደብር ጥቂት፣ በናቱ ደብር ጥቂት፣ ደግሞም በሚስቱ ስም በሚስቱ ደብር ጥቂት ሊያርስ ይችል ነበር። እንዲህ ባለ አገር «የእገሌ ቤት» የሚባል፣ በግንብ ታጥሮ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሳይከፈል የሚተላለፍ ሀብት አይጸናም። የጎጃም አባት በልጆቹ ላይ ሥልጣን አልነበረውም ማለት አይደለም፤ ልጁ ሲያገባ የሚያርሰውን መሬት የሚቈርጥለት እርሱ ነውና ልጅየው ደጅ ይጠናል፤ ከዚህም በላይ ያባት እርግማን ይፈራል። ዳሩ ግን የተጣላ ልጅ ወደናቱ ዘመዶች አገር ሄዶ ርስቱን መጠየቅ ይችል ነበር። የኮርሃን የልጅ ልጅ ግን ከያሊው ቢወጣ የት እንደሚሄድ አያውቅም፤ የድራማው ጭንቀት ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። የጎጃም ገበሬ ይህን የርስት ሥርዐቱን ምን ያህል ይወደው እንደ ነበር ለመረዳት፣ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ርስታችንን ሊነካ ነው ብሎ መሸፈቱን ማስታወስ ይበቃል።

የጋብቻውም ውል እንደዚሁ ነው። በሰማንያ የሚጋቡ ሰዎች ቤተ ሰቦች በሽማግሌ ፊት ከብቱንና ገንዘቡን ተመዛዝነው ያዋጣሉ፤ እኩል ያዋጡ እኩል ይካፈላሉ። ትዳሩ ቢፈርስ ሴቲቱ ድርሻዋን ይዛ ትወጣለች። የቁርባን ጋብቻ የማይፈታ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ የካህናትና በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ነው፤ ሌላው ሕዝብ በሰማንያ ይኖራል፤ በአማራው ገጠር የትዳር መፍረስ ብርቅ አለመሆኑንም አጥኚዎች ደጋግመው አመልክተዋል። ሚስት የተበደለች እንደ ሆነ ነጠላዋን አጣፍታ ወዳባቷ ቤት ትሄዳለች፤ ባልየው ሽማግሌ ይልካል፤ በደሉ ይቈጠራል፤ ካሳ ይቈረጣል፤ ወይም ትመለሳለች ወይም ትፈታለች። በእውነቱ ከሆነ «ጉሙሽ» በጎዛምን የተፈጸመ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ከመቶ ክፍል የሚያልፈው ነገር ከሦስት ሽማግሌና ካንድ ጋን ጠላ በላይ ባልፈጀ ነበር።

ሌላም የማይገጥም ነገር አለ። የቱርክ ገጠር የአጎትና የአክስት ልጆችን ማጋባት አይከለክልም፤ በድራማዎቹም «ለአጎትሽ ልጅ የታጨሽ ነሽ» ሲባል ይሰማል። የጎጃም ሽማግሌ ጋብቻ ከመነጋገሩ በፊት እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራል። ስለዚህ ድራማው አሳዛኝ የፍቅር መሰናክል አድርጎ ያቀረበውን የዘመድ እጮኛ፣ የጎጃም ተመልካች ከፍቅር ጉዳይ አስቀድሞ ነውር ሆኖ ያገኘዋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ልዩነት ሳለ ቤቱ የኛ የሚመስለው ስለ ምን ነው? ዋናው ምክንያት ድምፁ ነው። ባማርኛ ቃል የለበሰ ሰው ግማሽ አማራ ይሆናል። ቱርክኛ ለወንድና ለሴት የተለየ ተውላጠ ስም የለውም፤ እርሱም እርስዋም «ኦ» ናቸው። ባል በስልክ ሲያወራ ሚስት ከበር ኋላ ሆና ብትሰማ፣ ስለ ማን እንደሚያወራ ከቃሉ አትለይም፤ የብዙ ጥርጣሬ ትዕይንት በዚህ ላይ ሊቆም ይችላል። አማርኛ ግን «መጣ» ወይም «መጣች» ሳይል አንድ ዐረፍተ ነገር አያልፍም፤ ተርጓሚው ምስጢሩን ማፍረስ ወይም ነገሩን ማዞር ግድ ይሆንበታል። የአክብሮቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይረቃል። ቱርክኛ «ሰን» እና «ሲዝ» ሲል እኛ «አንተ» «አንቺ» እና «እርስዎ» እንላለን፤ እስከዚህ ይገጥማል። ነገር ግን ገሊን የባሏን እናት «አነ» እያለች ትጠራለች፤ እናቴ ማለት ነው። ይህ ባማርኛ «እማዬ» ተብሎ ሲወጣ የጎጃም ሴት የምትሰማው ፍቅርን ነው፤ በቱርክኛው ግን የግዴታ ስም ነው፤ በማትወዳት ሴት ፊት ቆማም ቢሆን ከመጥራት አታመልጥም። ባንጻሩ በድሮው ባላገር ሚስት ባሏን «አንቱ» ትለው ነበርና፣ ወጣቶቹ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው «አንተ» «አንቺ» ሲባባሉ ሽማግሌው ተመልካች የሚገነዘበው ሳይጋቡ የተዳፈሩ ሰዎችን ነው።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ግን የአንድ ሙሉ ሰው ጋብቻን የሚመለከት ነው። በጎጃም ብዙ ሴቶች የተዳሩት ሙሉ ሰው ሳይሆኑ ነው። ማደጎ በሚባለው ልማድ ልጂቱ በሕፃንነቷ ተድራ፣ አካሏ እስኪጠና ድረስ በአማቷ ቤት ታድጋለች፤ ውሃ ትቀዳለች፣ ትፈጫለች፣ ምጣድ ትጥዳለች፤ ጎጆ የምትወጣው ከዓመታት በኋላ ነው። በነዚህ ዓመታት ውስጥ የጎጃም ልጅ በእርግጥ የመጣችው ናት፤ ርስቱም ሰማንያውም አያድናትም፤ ባለቤት የሚለው ስምም ገና አልደረሳትም። ስለዚህ ወንዱ ተመልካች በመሬትና በውል መዝኖ «ይህ የኛ አይደለም» ያለውን ቤት፣ ከጎኑ የተቀመጠችው ሴት ስለ ሱምቡል ቤት ማእድ ቤት የምትነግረው ብዙ ነገር ሊኖራት ይችላል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል፤ ልማዱም እየቀነሰ ሄዷል። ነገር ግን ዛሬ አርባና ሃምሳ ዓመት የሞላቸው ሴቶች ትዝታ በሕግ የሚሻር አይደለም፤ የቱርክ ድራማ በጎጃም እናቶች ዘንድ ስላገኘው ቦታ የሚያጠና ሰው ምርመራውን ከዚህ ቢጀምር ይሻላል እላለሁ።

ጎጃም ደግሞ የራሱ የአዳራሽ ታሪክ የሌለው አገር አይደለም። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቀድሞ መንቆረር ትባል በነበረችው በደብረ ማርቆስ ቤተ መንግሥታቸውን ሠርተዋል፤ በየአውራጃውም ጉልት የያዘ መኰንን ግቢውን ያስከብር ነበር። የደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወላጅ የሆኑት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የተሠራው በእንዲህ ያለ ግቢ ዙሪያ ነው። የማንኩሳው ድኻ ገበሬ ልጅ በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ይገባል፤ ሁለቱ ይፋቀራሉ። በወጉ ካየነው ይህ የቱርኩ ድራማ ታሪክ ነው፤ ድኻና ባለጸጋ፣ ገጠርና ግቢ። በኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስላነበበው፣ ፊደል ያልቈጠረውም ባላገር በድምፅ ሰምቶታል፤ ስለዚህ በጎጃም ደጋ የተከታታይ ፍቅር ታሪክን ወግ ያስለመደው ቴሌቪዥን አይደለም።

ልዩነቱ ሁለት ቦታ ላይ ነው። በመሸሻ ቤት የፍቅር እንቅፋት የሆነው ገንዘብ ሳይሆን ዘር ነው፤ ፊታውራሪው ለልጃቸው የመጣውን ሁሉ የዘር እኩያ አይሆንም እያሉ ሲመልሱ ልጂቱ ዕድሜዋ ያልፋል። ዘርን ደግሞ እንደ ጉሙሽ በትዕግሥትና በሙያ ሠርተው አያገኙትም። ስለዚህ የቱርኩ ድራማ ባንድ ገበታ ላይ ዕርቅ አድርጎ ሊጨርስ ሲችል፣ የሐዲስ ዓለማየሁ ታሪክ ወደ መቃብር ይሄዳል። ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የግቢው ሀብት ከየት እንደሚመጣ አይደብቅም፤ ገበሬው ግብሩንና መተያያውን ሲሸከም፣ መሮትም በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪው ላይ ሲነሣ እናያለን። በቱርኩ ድራማ ሀብቱ «ሆልዲንግ» የሚባል የመስታወት ሕንፃ አለው፤ በዚያ ሰዎች ፊርማ ይፈርማሉ፣ ይጣላሉ፣ ይወጣሉ። ማን ምን ሠርቶ ያ ቤት እንደ ቆመ ግን ሳይነገር መቶኛው ክፍል ያልፋል።

የዛሬው የጎጃም ወጣት የሚያየው ይህንኑ ያልተገለጸ ሀብት ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የመንግሥት ሆኖ ርስት ቀረ። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ መሬት እንደገና ተደለደለ፤ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህም የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ባንድነት ያለበት የይዞታ ደብተር ይሰጥ ጀመር፤ ባለቤት የሚለውን የድሮ ቃል በማኅተም እንደ ማጽናት ነው። ዳሩ ግን ከድልድሉ በኋላ ለተወለደው ልጅ የሚቈረጥ መሬት የለም። አባቱ ካለው ጥማድ ላይ ቢከፍለው ሁለቱም ይራባሉ። የናቱ ደብር የርስት በርም ተዘግቷል። ጎጆ ለመውጣት የሚሆነው ነገር ጠፍቶ ያባቱን ቤት የሚጠብቅ የሠላሳ ዓመት ወንድ ልጅ ዛሬ በደጋው መንደር ብርቅ አይደለም። በዚህ ረገድ ጎጃም ራሱ ሳያውቀው ወደ ኮናኩ ሥርዐት እየቀረበ ነው፤ ልዩነቱ ኮናኩ ያለ ሀብት መሆኑ ነው።

ልጃገረዶቹ ግን አይጠብቁም፤ ወደ ባሕር ዳር፣ ወዳዲስ አበባ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ዐረብ አገር ይሄዳሉ። ለጎጃም ገጠር ልጅ ወደ ከተማ ባለጸጋ ቤት የሚያስገባው መንገድ ሙሽርነት ሳይሆን የቤት ሠራተኛነት ነው። በድራማው ውስጥም ይህች ልጅ አለች፤ ቡና ታቀርባለች፣ በር ትከፍታለች፣ የጌቶቹን ጠብ ከግድግዳ ኋላ ትሰማለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ታሪክ አይሰጣትም፤ ካሜራውም ቶሎ ይተዋታል። አዲስ አበባ ባለ ሳሎን ማታ ማታ ድራማው ሲከፈት ከገጠር የመጣችው ሠራተኛ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ ወይም ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አብራ ታያለች፤ ማስታወቂያ ሲመጣም ምድጃውን ልታይ ትሄዳለች። ገጠሬዋ ልጅ የአዳራሹ እመቤት ስትሆን የሚያዩት እመቤቲቱና ሠራተኛዋ ባንድ ክፍል ውስጥ ሆነው ነው።